አቶ ዝገትን የሚያውቁ ልጆች

ሰመራ ላይ እሑድ ከሰዓት በኋላ ረጅም ነው። ፀሐዩ ሰው ከቤት አያስወጣም፤ ቤት ውስጥም ብዙ የሚሠራ ነገር የለም። ከሌላ ቦታ ለሥራ የመጣነው፣ ቤተሰብ አጠገባችን የሌለን ሰዎች፣ ያን ሰዓት የምንገፋበት ዘዴ እንፈልጋለን። አንዳንዱ ይተኛል፣ አንዳንዱ ኳስ ያያል። እኛ ደግሞ ተሰብስበን አስፈሪ ጨዋታ እንጫወታለን።

ጨዋታውን ያመጣው እኔ የምሠራበት መሥሪያ ቤት ያለ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። አዲስ አበባ ተማሪ ሳለ የለመደው ነገር ነው። ቤቱ ውስጥ በደንብ የሚያቀዘቅዝ ኤሲ ስለነበረው እሱ ቤት መሰብሰብ ጀመርን። ጨዋታው በአጭሩ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ የሚወራ ታሪክ ነው። አንዱ፣ እኛ ጋ ባለሙያው ራሱ፣ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ የፈጠርነውን ሰው ሆነን እንገባበታለን። መሪው «በሩ ተከፈተ፤ ውስጥ የሚተነፍስ ነገር አለ» ሲል፣ አንዱ «እገባለሁ»፣ ሌላው «እሮጣለሁ» ይላል። ያሰበው ይሳካለት አይሳካለት የሚወስነው ብዙ ገጽ ያለው ዳይስ ተጥሎ የሚያወጣው ቁጥር ነው። መጀመሪያ ላይ የልጅ ጨዋታ መስሎኝ አፍሬ ነበር። ሁለት እሑድ ሳይሞላኝ ግን ሳምንቱ የሚረዝምብኝ እሱን ስጠብቅ ሆነ።

ከተጫዋቾቹ መካከል ዱብቲ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ነበረች። በሚኒባስ ነበር የምትመጣው። ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለች፣ ሳትስቅ ሰው የምታስቅ። መልካ ወረር ተወልዳ፣ ከፍ ስትል ከእናቷ ጋር ዱብቲ እንደገባች ነግራኛለች። እኔ የአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሠፈር ልጅ ነኝ። «አንቺ፣ የአዋሽና የመልካ ወረር ሰው እኮ ጎረቤት ነው» ትለኝ ነበር፤ ከዚያ በቀር ስለ ቤተሰቦቻችን አውርተን አናውቅም። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን፤ በጾም ሰሞን አንዳችን የአንዳችንን ጾም እያስታወስን ምግብ እንደባበቃለን። ይኼን ያህል ነበር ቅርበታችን።

አንድ እሑድ መሪያችን አዲስ ታሪክ እንደሚጀምር ነገረን። በረሃ መሀል ያለ የተዘጋ ባቡር ጣቢያ አለ። ለዓመታት ባቡር ዞር ብሎበት አያውቅም። አንድ ቀን ግን ማንም ያልነዳው ባቡር መጥቶ ይቆማል፤ እኛ ከየቦታው እዚያ እንድንገኝ ይሆናል።

«በሚቀጥለው ሳምንት ሰዎቻችሁን ፈጥራችሁ ኑ» አለ። «ሥራውን ብቻ አይደለም የምፈልገው። ከዚህ በፊት ምን እንደደረሰበት፣ ምን እንዳጣ፣ ምን እንደሚፈራ፣ ከሰው ምን እንደሚደብቅ። የኋላ ታሪክ የሌለው ሰው አይፈራም፤ የማይፈራ ሰው ደግሞ ለዚህ ጨዋታ አይሆንም። ደግሞ ሁሉንም አትፍጠሩት። ከራሳችሁ ትንሽ ጨምሩበት።»

እኔ ከራሴ የጨመርኩት ከፍታ መፍራቴን ብቻ ነው። ከጅቡቲ ዕቃ እያመጣች የምትነግድ፣ ፎቅ ላይ መውጣት የማትችል ሴት ፈጠርኩ። በሚቀጥለው እሑድ ስናገር ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ሁለቱ መምህራን ጓደኞቻችንም የየራሳቸውን ተናገሩ። ከዚያ ተራው የፋርማሲዋ ልጅ ሆነ። ስልኳ ላይ ጽፋው ነበር፤ ትንሽ ካነበበች በኋላ ግን ስልኩን አስቀምጣ በቃሏ ቀጠለች።

«የኔዋ ሴት የጥጥ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው ያደገችው» አለች። «አባቷ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። ሁልጊዜ አብሯቸው አይኖርም፤ በሳምንት ጥቂት ቀን ይመጣል። ሲመጣ ልብሱ ናፍጣ ይሸታል። ሐብሐብ ይዞ ይመጣና ቢላ እስኪቀርብ አይጠብቅም፣ ጉልበቱ ላይ መትቶ ይሰብረዋል።»

እስከዚህ ድረስ ምንም አልተሰማኝም። በዚያ አካባቢ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ብዙ ነው።

«የምትፈራው ነገር አለ» ብላ ቀጠለች። «አባቷ ነው የነገራት። አንድ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ረጅም እግር ያለው አሮጌ የውሃ ታንከር አለ። ውስጡ አቶ ዝገት የሚባል ይኖራል። ጉልበቱ ዝጎ ስለማይታጠፍለት እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ልጅ ሲያይ ከውስጥ ብረቱን ያንኳኳና ‹የማን ልጅ ነሽ?› ብሎ ይጠይቃል።»

እጄ ላይ የውሃ ጠርሙስ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው ስል ጫፉን ስቼ ወደቀ። ማንም ትኩረት አልሰጠውም።

አቶ ዝገት የቤታችን ሰው ነው። አባቴ ነው የፈጠረው። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ውሃ ይሞላበት የነበረ ታንከር ጣቢያው ግቢ ውስጥ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ እኔና ወንድሜ እንዳንወጣበት አባቴ አቶ ዝገትን አስገባበት። ዝጎ የማይታጠፍ ጉልበቱ፣ ማንኳኳቱ፣ ጥያቄው ሳይቀር ያው ነው። እኔና ወንድሜ ለሠፈር ልጆች እንኳ አልነገርንም፤ የራሳችን ብቻ እንዲሆን እንፈልግ ነበር። አባቴ ያስተማረን መልስም ነበረው። «‹የማን ልጅ ነሽ?› ካለሽ የኔን ስም ጮክ ብለሽ ጥሪው። ጉልበቱን ዘይት የምቀባለት እኔ ነኝ፤ ስሜን ሲሰማ ይተውሻል» ይለኝ ነበር። ከወንድሜ ጋር ታንከሩ ሥር ቆመን የአባታችንን ስም እስክንታክት የጮኽንበት ጊዜ ብዙ ነው።

ልጅቷ ግን እንዲህ አለች።

«መመለስ ክልክል ነው። የአባቷን ስም ከጠራች አቶ ዝገት ሰምቶ ይመጣና አባቷን ይወስደዋል። አባቷ ነው እንደዚያ ያላት። ስለዚህ ስሙን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ትምህርት ቤት ስትገባ እንኳ በእናቷ አባት ስም ነው የተመዘገበችው። አንድ ቀን ግን አብራት የምትማር ልጅ ‹አንቺ አባት የለሽም› ስትላት ተናደደችና ስሙን ተናገረች። ከዚያ በኋላ አባቷ አልመጣም። የምትደብቀው ነገር ይኼ ነው። ያስወሰደችው እሷ እንደሆነች ነው የምታስበው።»

መሪያችን ደስ ብሎት «ይኼ ነው እኮ የኋላ ታሪክ ማለት» አለ።

«አቶ ዝገትን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር።

«ከአባቴ ነው።»

«ታንከሩ ያለው አዋሽ ነው አይደል? ከጥገና ቤቱ ጀርባ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «አዋሽ መሆኑን አላልኩም።»

«አባትሽ በግራ ጆሮው አይሰማም» አልኩ። «ስታናግሪው ‹በዚህኛው ንገሪኝ› ብሎ ፊቱን ያዞራል።»

ሌሎቹ ጨዋታውን የጀመርን መስሏቸው ነበር። አንደኛው መምህር አጨበጨበ። መሪያችን ዳይሱን አንሥቶ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይኼን ትውውቅ በዳይስ እንየው» አለ። ልጅቷ ተነሥታ ወጣች፤ እኔም ተከትያት ወጣሁ።

በረንዳው ላይ ነፋሱ እንደ እሳት ይጋረፍ ነበር። ሁለታችንም ጫማ አላደረግንም፤ ሲሚንቶው ያቃጥላል፣ ግን ወደ ውስጥ መመለስ አላሰብንም። ስልኬን አውጥቼ የአባቴን ፎቶ ፈለግሁላት። ባለፈው ፋሲካ ግቢያችን ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያነሣሁት ነው። ስልኩን ተቀብላኝ ለረጅም ጊዜ አየችው። እኔ የምትጮህ ወይም የምታለቅስ መስሎኝ እጄን ወደ ትከሻዋ ልኬ ነበር።

«ሸብቷል» አለች።

ግድግዳውን ተደግፌ ተቀመጥኩ።

«የት ነው ያለው?»

«አዋሽ።»

«ሁልጊዜ እዚያ ነበር?»

«ሁልጊዜ።»

ከአዋሽ መልካ ወረር በመኪና ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ይኼን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ማናችንም አልተናገርነውም። ስልኩን መልሳልኝ ጫማዋን አድርጋ ሄደች። ሚኒባስ መጠበቂያው ድረስ ልሸኛት ስል በእጇ ከለከለችኝ።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ አዋሽ ተሳፈርኩ። ሎጊያን ስናልፍ፣ የቦቴዎቹን ሰልፍ ስናልፍ፣ ሚሌን፣ ገዋኔን ስናልፍ፣ መንገዱን ሙሉ አባቴን እንዴት እንደምጠይቀው ነበር የማስበው። ተሳስቼ እንደሆነ ተስፋ ማድረጌም አልቀረም። ምናልባት አቶ ዝገትን ለሥራ ጓደኛው ነግሮት፣ ጓደኛው ደግሞ ለልጁ ነግሯት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር። ወደ መልካ ወረር የሚገነጠለው መንገድ ጋ ስንደርስ ግን ዓይኔን መጨፈን ፈለግሁ። ልጅ ሆኜ ባቡሩ ሥራ እየቀነሰ ሲመጣ አባቴ እርሻዎቹ ላይ ፓምፕ መጠገን ጀምሮ ነበር። የሳምንቱን እኩሌታ እዚያ ያድራል። ተመልሶ ሲመጣ ሐብሐብ ይዞልን ይመጣል፤ ጉልበቱ ላይ ነበር የሚሰብረው።

እናቴ ማኅበር ሄዳለች። አባቴ ኒሙ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት ፈታትቶ ብሎኖቹን በሣህን ላይ ደርድሯል። ሳይጠብቀኝ በመምጣቴ ደስ አለው። በቀኝ በኩሉ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ አቶ ዝገትን ለማን ለማን ነግረሃል?»

ሳቀ። «እሱን ደግሞ ዛሬ ከየት አመጣሽው? ለአንቺና ለወንድምሽ ነዋ።»

«ለሌላ ልጅስ?»

ብሎኑን መፍታቱን አላቆመም፤ ግን መፍቻው እየሳተ ይንሸራተት ጀመር።

«ሰመራ አብራኝ የምትጫወት ልጅ አለች» አልኩት። «መልካ ወረር ነው የተወለደችው። አቶ ዝገትን ታውቀዋለች።»

«የማን ልጅ ናት?»

«ያንተ።»

መፍቻውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የጠበቅሁት ድንጋጤ ወይም እፍረት አልነበረም። የሞተ ዘመድ የተጠራበት ሰው ነበር የሚመስለው።

«የኔ ልጅማ ሞታለች» አለኝ።

ምን እንዳለኝ ወዲያው አልገባኝም። ሌላ ልጅ የለኝም ይለኛል፣ ወይም ይቅርታ ይጠይቀኛል ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት። ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«በወባ ነው የሞተችው» አለ። «አንደኛ ክፍል ገብታ ነበር። እኔ እዚህ ነበርኩ። ከእርሻው ጥጥ የሚጭን ሾፌር ነው መጥቶ የነገረኝ። እናትዬው ልካው። ‹ሞተች፣ ተቀበረች፣ ከእንግዲህ አትምጣ› አለኝ።»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጀመርኩ ሰሞን ነው። አባቴ ታሞ ሥራ ቀረ። ጢሙን አልላጭም አለ፤ ምግብ ሲቀርብለት ይነካካውና ይተወዋል። እናቴ ምን እንደሆነ ስትጠይቀው የሥራ ባልደረባዬ ልጅ ሞተችበት አላት። እናቴ አዘነችለት። ጎረቤቶች ሲጠይቋት «የሰው ልጅ ሞታ ነው እንዲህ የሆነው፤ ሆዱ እኮ ቡቡ ነው» ስትል ሰምቻታለሁ። አጠገቡ ተቀምጣ ታጽናናው ነበር። እኔም እጁን ይዤ ተቀምጫለሁ። እናቴ በገዛ ቤቷ፣ ሳታውቀው፣ የባሏን ልጅ ለቅሶ ተቀምጣ ነበር።

ፎቶ ነበረኝ። መጀመሪያ በተጫወትንበት ሰሞን ሁላችንም አብረን የተነሣነው። ስልኩን ሰጠሁትና የትኛዋ እንደሆነች ሳልነግረው ጠበቅሁ። እሱም አልጠየቀኝም። ጣቱን አምጥቶ ፊቷ ላይ አሳረፈ፤ ስክሪኑ ፎቶውን አጎላው፤ ፊቷ ስልኩን ሲሞላው ከወንበሩ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ብሎኖቹ ያሉበት ሣህን ተገለበጠ። ላነሣው ስሞክር «ተዪኝ፣ እዚሁ ልሁን» አለኝ።

«የት እንደተቀበረች አልጠየቅህም?» አልኩት ቆይቼ።

«አልጠየቅኩም።»

«ለምን?»

«ሰው ያየኛል ብዬ ነዋ።»

«ስምህን እንዳትጠራ ያደረግሃትስ?»

«ልጅ ናት፣ አፏ ያመልጣታል ብዬ ፈራሁ» አለ። ስልኩን አልመለሰልኝም። እናቴ ከማኅበር ስትመለስ መሬት ላይ እንደተቀመጠ አገኘችው። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ። የተባባሉትን አልሰማሁም፤ የእናቴ ድምፅ አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ አላለም። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ናዝሬት ወንድሜ ጋ ሄደች። መኪና ውስጥ አስገብቼ በሩን ስዘጋላት «አጽናንቼው ነበር እኮ» አለችኝ። ሌላ ነገር አላለችም።

ወደ ሰመራ እንደተመለስኩ ዱብቲ ሄድኩ። ልጅቷ ምሳ ሰዓቷ ስለነበር ከፋርማሲው ወጥታ ጥላ ሥር አገኘችኝ። አባቴ ያለኝን ስነግራት መጀመሪያ ቀልድ መሰላት።

«ሞታለች አለ?»

«ሞታለች ነው ያለው። ያመነበት ነው የሚመስለው። እናትሽ ናት አሉ ያስነገረችው።»

ነጩን ጋውኗን አወለቀች፣ አጣጥፋ ክንዷ ላይ አደረገችው። «ነይ» አለችኝ።

እናቷ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። የወሎ ሴት ናት፤ ድሮ የእርሻው ሠራተኞች ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። ልጅቷ ማን እንደሆንኩ ስትነግራት ሰፌዱን ወደ ጎን አደረገች። ገና ከመቀመጤ፣ ሳልጠይቃት፣ «እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ ሰው የለበትም። ሞተች በልልኝ ብዬ ሾፌሩን የላክሁት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ በሩ ላይ እንደቆመች ነበር።

«ወንድሜ ከወሎ መጥቶ ነበር ልጄ» አለች ወደ እኔ ዞራ። «አገባሻለሁ የሚል ሰው ተገኝቶልኛል። ወንድሜ ‹ይኼ ክርስቲያን ሰውዬ እየተመላለሰ ማን ያገባሻል› ይለኛል። ብተወው አይቀርም፤ ልጁን ይወዳታል፣ ወላሂ ይወዳታል። በምን ላስቀረው? ሞታለች ብለው ይቀራል አልኩ።» ሰፌዱን መልሳ ወደ ራሷ ሳበች። «ግን መቼም ቀብሯን ሊያይ ይመጣል ብዬ ነበር። ልጁ ሞታበት የማይመጣ ሰው አለ? ከመጣ እውነቱን እነግረዋለሁ፣ ያሻው ይሁን፣ ወንድሜም ከፈለገ ይግደለኝ ብዬ ነበር። መኪና በመጣ ቁጥር ወደ በሩ እወጣለሁ። አልመጣም። መቃብሯን እንኳ የት ነው ብሎ አልጠየቀም። ያኔ የእውነትም አባት የላትም አልኩና ይዣት ወደ ዱብቲ ወጣሁ።»

«ለኔስ?» አለች ልጅቷ። «ለኔ ለምን አልነገርሽኝም? ስሙን ስለጠራሁ ነው የቀረው ብዬ ነው ያደግሁት።»

እናቷ ቀና ብላ አየቻት። ይኼን የሰማችው የዚያን ቀን ነው። አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ምን ስም?» ነበር ያለችው። «የምን ስም መጥራት?»

ልጅቷ ጋውኗን ለብሳ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም እናቷን ተሰናብቼ ተነሣሁ። ስወጣ ያልተለቀመውን ምስር ከተለቀመው ጋር መልሳ ትቀላቅል ነበር፤ ምን እያደረገች እንደሆነ ያወቀች አይመስለኝም።

ልጅቷ ከአባቴ ጋር ለመገናኘት ወራት ፈጀባት። እኔ አልጎተጎትኳትም። አንድ ቀን ራሷ ደውላ «ሎጊያ ይምጣ» አለችኝ። «ቤትም አይሁን፣ መሥሪያ ቤትም አይሁን። ማንም የማያውቀን ቦታ ይሁን።»

ሎጊያ ሾፌሮች የሚበሉበት አንድ ትልቅ ምግብ ቤት በረንዳ ላይ ተገናኘን። እኩለ ቀን ነበር። ከፊት ለፊታችን የቆሙት ከባድ መኪናዎች ሞተራቸው አልጠፋም። አባቴ ኮት ለብሶ ነበር፤ በዚያ ሙቀት። ሲያያት ተነሣ፤ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። እሷ በቀዝቃዛ ትሕትና ጨበጠችውና ክፍት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ በግራው በኩል ነበር። ቦታ ልለውጥላት አስቤ ሳልናገር ቀረሁ።

ምግብ ታዘዘ፤ ማናችንም አልነካነውም። አባቴ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለማይረባ ነገር ተናገረ። እሷ እጆቹን ታይ ነበር። ከዚያ በዝቅተኛ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀችው።

አልሰማትም። ሙሉ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «በዚህኛው ጆሮዬ ንገሪኝ» አለ።

ወደ ጆሮው አልተጠጋችም። ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ቀብሬ ላይ ለምን አልመጡም?»

አጠገባችን ያሉ ሾፌሮች መጉረሳቸውን አቁመው ዞሩ። ሰው ስለ ራሱ ቀብር ሲጠይቅ ሰምቶ የሚያውቅ የለም መሰለኝ። ከሁሉ በላይ ግን እኔን የመታኝ «አልመጡም» ማለቷ ነው። እኔ አባቴን አንቱ ብዬው አላውቅም። ልጅ ሆና እሷም አንተ ትለው እንደነበር በኋላ ነግራኛለች።

አባቴ ያልነካውን ሣህን ገፋ አደረገ። «ፈራሁ» አለ። «ሌላ የምነግርሽ የለኝም። ፈራሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። የተቀበለችው ይሁን የታዘበችው አላውቅም። ሒሳቡን እከፍላለሁ ሲል አልተከራከረችውም፤ ለመሄድ ስትነሣ ግን ዞር ብላ «ስምዎን ጠርቼ ነበር» አለችው። «ለአንዲት ልጅ። በዚያው ሳምንት ነው የቀሩት።» ምን እንደሚል ሳትጠብቅ ወርዳ በመኪናዎቹ መሀል ሄደች። አባቴ ያለችው ምን እንደሆነ እኔን ጠየቀኝ። ስነግረው ኮቱን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አጣጠፈውና እዚያው በረንዳ ላይ አለቀሰ። ሾፌሮቹ እንዳላዩ ሆነው ተነሡ።

መሪያችን የባቡር ጣቢያውን ታሪክ ተወው። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ ይኼን ያህል ነገር ከእሱ መደበቅ አልችልም ነበር። ደንግጦ «እኔ እኮ ትንሽ ጨምሩበት ነው ያልኩት» አለኝ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጅቷ ራሷ ደውላለት ተመለሰች። አሁን የምትጫወተው ሌላ ሰው ሆና ነው፤ ሐኪም፣ ዘመድ የሌላት፣ እባብ የምትፈራ። ሁሉንም እንደፈጠረችው፣ ከራሷ ምንም እንዳልጨመረችበት ምላለች። ሚኒባስ ስትጠብቅ አብሬያት እጠብቃለሁ። እህት አንባባልም ገና። ግን አንዷ ሳትበላ ሌላዋ እንደማትበላ ሳናውቀው ለምደናል።

አባቴ አልፎ አልፎ ዱብቲ ይሄዳል። ቀድሞ ለማንም አይናገርም። የደም ግፊት መድኃኒቱን አዋሽ ማግኘት እየቻለ ከእሷ ፋርማሲ ይገዛል። ወረፋውን ጠብቆ፣ ከሌሎቹ በሽተኞች ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ። እሷም መድኃኒቱን ሰጥታው አወሳሰዱን ታስረዳዋለች። አንድ ቀን ሥራ አልቆ ሲዘጋ ውጪ ሻይ አብራው ጠጣች አሉ። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኳትም።

እናቴ ከናዝሬት የተመለሰችው ፍልሰታ ሊገባ ሲል ነው። አባቴን ታበላዋለች፣ ልብሱን ታጥብለታለች፣ በር ላይ ስትገናኘው ግን እንድታሳልፈው ዞር ትላለች። ልጠይቃት በሄድኩበት አንድ ጠዋት ልብስ እያሰጣች ሳለ «እስቲ አሳዪኝ» አለችኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኳትም። ፎቶውን አውጥቼ ሰጠኋት። እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ስልኩን ያዘች፤ የልጅቷን ፊት አጉልታ አየች።

«ግንባሯ ያንቺ ነው» አለች። ስልኩን መለሰችልኝና የቀረውን አንሶላ አንሥታ ማስጣቷን ቀጠለች።